ጣፋጭ አልበላም፣ ጥርሴ ግን እየተበላ ነው፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ሳሪስ አቦ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ጥርሴን ታይቼ ነበር። የኋላ መንጋጋዎቼ በመሀል በመሀላቸው ተቦርቡረዋል ተባልኩ። አንዱ ሩት ካናል (የጥርስ ሥር ሕክምና) ይፈልጋል፣ ሌሎቹ ይሞላሉ። ግራ የገባኝ ነገር፣ እኔ ኬክ አልወድም፣ ከረሜላ አልበላም፣ ቸኮሌት ጭራሽ ቤቴ አይገባም። ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። ባለቤቴ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ግማሹን ቶርታ ብቻውን ይጨርሳል፣ ጥርሱን ደግሞ አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ሐኪሙ "አመጋገብሽን አስተካክዪ" ብሎ ሸኘኝ፤ ወረፋው ብዙ ስለነበር መጠየቅም አልቻልኩም። ምኑን ላስተካክል? ምግቤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አልፎ አልፎ ሥጋ ነው። ቢሮ ሻይ እጠጣለሁ፣ እሱ ግን ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። በዚያ ላይ ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ነገሩ ከምግብ ነው ወይስ ከዘር? የምታውቁ ንገሩኝ።

የጥርስ ሰው

እህቴ፣ ሙያዬ የጥርስ ሕክምና ነው። መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጠይቅሽ። ሻዩን በቀን ስንት ጊዜ ትጠጪያለሽ? ስኳሩስ ስንት ማንኪያ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አንዱን ብርጭቆ ለመጨረስ ምን ያህል ይፈጅብሻል?

ሳሪስ አቦ

ጠዋት ስገባ፣ ረፋድ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ። ሁለት ሁለት ማንኪያ አደርጋለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ፉት እያልኩ ስለምጠጣ አንዱ ብርጭቆ አንድ ሰዓትም ይቆያል፣ ይቀዘቅዛል እንጂ አይደፋም። ማታ ቤት ቡና አለ። ጾም ሲሆን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስፕሪስ እጠጣለሁ።

የጥርስ ሰው

እንግዲያው ነገሩ እዚያው ጋ ነው።

አፋችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ዋናው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ይባላል። ስኳር ባገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ጥርሱ ላይ ያለው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ ሲወርድ ኢናሜሉ፣ ማለትም የላይኛው ጠንካራ ሽፋን፣ ካልሲየምና ፎስፌት መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያጥባል፣ የጠፋውንም ማዕድን ይመልሳል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ። ባለቤትሽ ቶርታውን ተቀምጦ ሲጨርስ ጥርሱ አንዴ ይጠቃል፣ ከዚያ ምራቁ ቀኑን ሙሉ ሲጠግን ይውላል። አንቺ ግን ፉት ባልሽ ቁጥር አሲዱ እንደ አዲስ ይነሳል። ምራቅሽ ሥራውን ሊጀምር ሲል ሌላ ፉት ይመጣል። ሁለት ማንኪያ ስኳር በአምስት ደቂቃ ብትጠጪውና በአንድ ሰዓት ብትጠጪው ለሰውነትሽ ያው ስኳር ነው፣ ለጥርስሽ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

በመሀል በመሀላቸው ያልሽውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በሁለት መንጋጋ መሀል ብሩሽ አይገባም፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ግን ይገባል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እየቦረሽሽም እዚያ ቦታ ይበላል። የጥርስ ክር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሻዩን ተይው አልልሽም። ስኳሩን ቀንሺ፣ ጠጥተሽ ጨርሺው፣ ከአራቱ ሁለቱን ከምግብ ጋር አድርጊው። በመሀል የሚጠማሽ ከሆነ ውሃ ጠጪ።

መርካቶ ጫፍ

ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሻይ በስኳር ሲጠጣ ኖሮ፣ ሰማንያን አልፎ ቆሎ ይቆረጥማል። ጥርስ በዘር ነው። አንዳንዱ ሰው ጥርሱ ከአፈጣጠሩ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ የፈለገውን ቢያደርግ አይሆንለትም። ስንቱን ነገር በስኳር እናመካኛለን?

የጥርስ ሰው

ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። ዘር የለበትም አላልኩም። የኢናሜል ጥራት፣ የምራቅ ብዛት፣ የጥርስ አሰላለፍ ከሰው ሰው ይለያያል። ግን አባትህ ወጣት ሳሉ ሻይ የሚጠጡት መቼ መቼ እንደነበር ጠይቃቸው። ቁርስ ላይ አንድ፣ ምናልባት ማታ አንድ። ለስላሳ የሚጠጡት ሠርግ ሲጠሩ ነው። ብስኩት በየሱቁ አልነበረም። በዚያ ላይ አብዛኛው የዚያ ዘመን ሰው ጠዋት ጠዋት መፋቂያውን ይዞ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን አንድ በአንድ ሲፍቅ ያረፍዳል፤ ዛሬ እኛ ከምንቦርሽበት ጊዜ የሚበልጥ ነው።

ኔታንያ ያለሁ

የመርካቶው ወንድሜ የጻፈው የቤታችንን ነገር ስላስታወሰኝ ልጨምር። ወላጆቼ ከጎንደር ገጠር ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል የገቡ። እናቴ አገር ቤት ሳለች ስኳር የሚባል ነገር ቤት ውስጥ አይቀመጥም ነበር ትላለች። ማር በበዓል፣ ያውም ለጠጅ። ምግቡ የጤፍና የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ወተት ሲገኝ። ጥርሷ ዛሬም ደህና ነው። እኔና ወንድሞቼ እዚህ ነው ያደግነው። ባምባ የሚባለው የኦቾሎኒ መክሰስ፣ ቸኮሌት የተቀባ ዳቦ፣ ፔትል የሚባለው ጣፋጭ ጭማቂ። አንዳችንም ያልተሞላ መንጋጋ የለንም። እዚህ አገር አዲስ የገቡ ኢትዮጵያውያንን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በመጀመሪያ የተቦረቦረ ጥርስ ብዙም እንዳላገኙና ሰው በአገሩ ምግብ ላይ ከቆየ በኋላ ግን እየጨመረ እንደሄደ ጽፈዋል። ዘሩ ያው የእኛ ዘር ነው። የተለወጠው ሞሰቡ ነው። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም በጊዜው ለወላጆቻችን በቋንቋቸው ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም፤ ለልጅ ጣፋጭ መግዛት ፍቅር መስሏቸው ነበር።

መርካቶ ጫፍ

ይሄኛው አሳመነኝ። አባቴንም ጠየቅኩት፣ ለስላሳ መጀመሪያ የቀመሰው አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ነው አለኝ።

በረዶ አገር

እኔ የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ አገር የጥርስ ሐኪሙ ያለውን ነገር በጣም አስቀያሚ በሆነ መንገድ ነው ያረጋገጡት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሉንድ ከተማ አጠገብ፣ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ተቋም ውስጥ፣ ሰዎቹን ሳያስፈቅዱ የተለያየ ዓይነት ጣፋጭ ይሰጧቸው ነበር። ግማሹ ስኳር ከምግብ ጋር ያገኛል፣ ግማሹ በምግብ መሀል ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ ይሰጠዋል። ከምግብ ጋር የበሉት ላይ ብዙም ለውጥ አልታየም። በመሀል በመሀል የሚጣበቀውን የበሉት ግን ጥርሳቸው አለቀ። የተሠራባቸው ግፍ ነው፤ ዛሬ እዚህ ሰው ሲያነሳው ያፍርበታል። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለወላጆች "ለልጆቻችሁ ከረሜላ በሳምንት አንዴ ስጡ" ብሎ መከረ፤ ቀኑም ቅዳሜ ሆነ። እስከ ዛሬ ልጆቼ ከረሜላ የሚበሉት ቅዳሜ ነው። ሌላው ቀን ቢጠይቁ "ቅዳሜ" ስላቸው ይገባቸዋል፣ ጭቅጭቅ የለም። ለአበሻ ቤትም የሚሆን ነገር ነው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማድረግ ይቻላል።

የናሆም እናት

ሰላም ዶክተር። ልጄ አንድ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ከድዱ ጋ ነጭ ነጭ መስመር ነበራቸው፣ አሁን ቡናማ ሆነዋል። ማታ ያለ ጡጦ አይተኛም። ወተት ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ትንሽ ስኳር አደርግለታለሁ፣ ካለዚያ አይጠጣም። አማቴ "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል፣ አትጨነቂ" ትለኛለች። እውነት ልተወው?

የጥርስ ሰው

አትተዪው እህቴ። ያየሽው ነጭ መስመር የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ቡናማው መቦርቦር ሲጀምር ነው። ልጅ ሲተኛ ምራቁ በጣም ይቀንሳል። ስኳር ያለበት ወተት የላይኛው የፊት ጥርስ ላይ ተኝቶ ያድራል። የታችኞቹ ደህና የሚሆኑት ምላሱ ስለሚሸፍናቸው ነው፤ የልጅሽን እዪው፣ እንደዚያ ታገኚዋለሽ።

የወተት ጥርስ ይወድቃል፣ እውነት ነው። ግን የኋላዎቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ካመመው አይበላም፣ አይተኛም፣ መግል ከያዘ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።

ስኳሩን ዛሬውኑ አትቁረጪው፣ ያለቅሳል አንቺም ትሸነፊያለሽ። በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሺ። ከዚያ ወተቱን ከመተኛቱ በፊት ተቀምጦ ይጠጣ፣ ጥርሱን እጠቢለት፣ አልጋው ላይ ጡጦ ከፈለገ ውሃ ብቻ ይሁን። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ሆኖ መጠኑ የሩዝ ፍሬ ታህል ነው። ሕፃን የሚጠባው የጎማ ጡት (ፓሲፋየር) ላይ ማር ወይም ስኳር ነክታችሁ የምትሰጡ ካላችሁ እሱም ያው ነው። ልጁን ግን በዚህ ሳምንት አሳዪው፤ ገና በጊዜ ከሆነ ፍሎራይድ ቀብተው ሊያቆሙት ይችላሉ።

የናሆም እናት

እግዜር ይስጥልኝ። የታችኞቹ በእርግጥም ንጹህ ናቸው፣ አሁን አየሁት። ማክሰኞ እወስደዋለሁ።

ድሬ ከዚራ

ስለ ጫት የሚያወራ የለም እንዴ? እኔ ቀኝ ጉንጬ ላይ ነው የማስቀምጠው። በዚያ በኩል ድዴ ሸሽቶ የጥርሴ ሥር ወጥቷል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ይነዝረኛል። በግራ በኩል ምንም የለም።

የጥርስ ሰው

አለ፣ አንተ ራስህ ነገርከን። ቅጠሉ ለሰዓታት አንድ ቦታ ተጭኖ ይቆያል፤ እዚያ በኩል ድድ ሲሸሽና የጉንጩ ውስጥ ነጭ ሲሆን ብዙ ጊዜ እናያለን። ሁለተኛው ነገር አፍ ያደርቃል። ምራቅ ከሌለ ቅድም ያልኩት ጥገና የለም። ሦስተኛው ከጫቱ ጋር የሚገባው ነው፤ መራራነቱን ለመቀነስ ስኳር የሚቅም አለ፣ ለስላሳ በጠርሙስ አጠገቡ አድርጎ በየደቂቃው ጉንጭ ጉንጭ የሚል አለ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ፒኤቹ ደግሞ ራሱ 2.5 አካባቢ ነው፤ ባክቴሪያም ሳይጨመርበት ኢናሜል ያላላል። ያንን ከምሳ እስከ መግሪብ በደረቀ አፍ ላይ አስበው።

ማቆም ብትችል ደስ ይለኛል። እስከዚያው በለስላሳው ፈንታ ውሃ አድርግ፣ ሲያበቃ ተጉመጥመጥ፣ የሚነዝረውን ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ያዘው። ነጩ ቦታ ካልጠፋ ወይም ከቆሰለ ሳትውል ሳታድር ታይ።

ድሬ ከዚራ

ስኳሩን እኔም እይዛለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ። አምቦ ውሃስ ይሻላል?

የጥርስ ሰው

በጣም ይሻላል፣ ስኳር የለውም። ሎሚ እየጨመቅክ ቀኑን ሙሉ ካልጠጣኸው በስተቀር። ሎሚ ያለበትን ወይም ለስላሳ ከጠጣህ ደግሞ ወዲያው አትቦርሽ፤ ኢናሜሉ ለስልሶ ስለሚቆይ ብሩሹ ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥምጠህ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። እግረ መንገዴን፣ ጥርስ ይነጣል ብላችሁ በሎሚና በከሰል የምታሹ እባካችሁ ተዉት። የሚነጣው ሽፋኑ ስለሚላጥ ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

ባቱ ዝዋይ

እኛ ጋ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የተወለድኩት መቂ አጠገብ ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ልጆች "አትቦርሺም እንዴ?" ይሉኝ ነበር፤ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈን የለመድኩት ያኔ ነው። ከምግብ አይደለም፣ ከውሃ ነው። አሁን እኔም ልጅ አለኝ፣ የእሷም ጥርስ እንደኔ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

የጥርስ ሰው

ልጆቹ ያሉሽ ስህተት ነው፣ አዝናለሁ። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ ፍሎሮሲስ ነው። ከስምጥ ሸለቆ፣ ከመቂና ባቱ እስከ ወንጂና መተሃራ፣ የጉድጓድ ውሃው ከእሳተ ገሞራ ዓለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 ሚሊ ግራም የሚያልፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥቂት ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለውን ኢናሜል ያበላሻል። ስለዚህ አደጋው እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ልጅ ላይ ነው፤ ኢናሜሉ ተሠርቶ ያለቀ ጥርስ ከዚያ በኋላ በውሃው አይጠቁርም።

ምግብም የሚገባበት እዚህ ላይ ነው። ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። በዚያ ውሃ ወጥና አጥሚት ስትሠሪ ፍሎራይዱ አብሮ ይገባል። የሻይ ቅጠልም በራሱ ፍሎራይድ አለው፤ ለትንሽ ልጅ ወፍራም ሻይ አትስጪ። ወተትና ካልሲየም ያለበት ምግብ ደግሞ ፍሎራይዱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሰዋል። ለልጅሽ መጠጥና ማብሰያ የሚሆነውን ብቻ ከተጣራ ወይም ከዝናብ ውሃ ማድረግ ከቻልሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ለልብስና ለገላ ያው የጉድጓዱ ይሁን። ያንቺንም ጥርስ ማስተካከል ይቻላል፤ ሽፋን የሚለብስበት መንገድ አለ፣ ጠይቂ።

ባቱ ዝዋይ

የዝናቡን ውሃ አላሰብኩትም ነበር፤ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ በርሜልም አለን። ለእህቶቼም እነግራቸዋለሁ።

ጡረተኛው

ልጆች፣ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጥርሴ አልተበላም፣ ግን ይነቃነቃል፣ ድዴም ያብጣል። ስኳር አለብኝ፣ የደም ግፊትም አለ። ጥርስህን አሳጥብ ይሉኛል፤ ሰው ግን ማሳጠብ ጥርስ ያላላል ይላል፣ ፈርቼ ተውኩት።

የጥርስ ሰው

አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማሳጠብ ጥርስ አያላላም። ያላላው ከድዱ ሥር የተጋገረው የጥርስ ድንጋይ ነው፤ ቀስ በቀስ አጥንቱን ያስበላዋል። ድንጋዩ ሲነሳና እብጠቱ ሲቀንስ ክፍተት ስለሚታይ ሰው ማጠቡ ያመጣው ይመስለዋል። ብሩሽም ሆነ መፋቂያ አንዴ የደረቀውን ድንጋይ አያነሳም።

የስኳርዎ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ስኳሩ ካልተቆጣጠሩት ድዱ በቀላሉ ይቆስላል፣ ቶሎም አይድንም። የድድ ቁስል በበኩሉ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ሲሻል ሌላውም ይሻላል። የግፊት መድኃኒቶችም አፍ የሚያደርቁ አሉ፤ አፍዎ የሚደርቅ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ እንጂ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቆሙ። ሲሄዱ የስኳር መድኃኒትዎን ስም ይዘው ይሂዱ፣ ቁርስዎን በልተው፣ ክኒንዎን ውጠው።

ጡረተኛው

ተባረክ ልጄ። ልጄን እዚህ ሳምንት ውሰጂኝ እላታለሁ።

ጉለሌ ዘይቱና

ድድ መድማት የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው ሲባል ሰምቼ ክኒን ገዝቼ እየዋጥኩ ነው። ምንም አልተለወጠም።

የጥርስ ሰው

አብዛኛው የድድ መድማት ከቫይታሚን አይደለም፣ ድዱ ዳር ላይ ካልተቦረሸ ቆሻሻ ነው። ሳሪስ፣ ያንቺም ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሲደማበት ፈርቶ ያንን ቦታ መቦረሽ ይተዋል፣ ይባስ ይደማል። በለስላሳ ብሩሽ ድዱን ጭምር ያዙት፣ በክር አጽዱ፤ ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ይቆማል። ካልቆመ ድንጋይ አለ ማለት ነው፣ መታጠብ ይፈልጋል።

እውነተኛ የቫይታሚን ሲ እጥረት አለ፣ ስከርቪ ይባላል። ለወራት ፍራፍሬም አትክልትም ያላገኘ ሰው ላይ ነው የሚመጣው፤ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ጥርስ ይወልቃል። የድሮ መርከበኞች ያለቁበት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1747 ጀምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ብርቱካንና ሎሚ ሰጥቶ ሲድኑ አይቷል። እኛ ቤት መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጥሬ ቃሪያ ከሽሮ ጋር የሚበላ ሰው ክኒን መግዛት አያስፈልገውም። ስምሽ ላይ ያለው ዘይቱናም ከብርቱካን ይበልጣል። ጎመን ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ሲበስል ቫይታሚኑ ይሞታል።

ኔታንያ ያለሁ

አያቴ ድዷ ተነቅሷል፣ ጥቁር ነው። ድድ ያጠነክራል ይሉ ነበር። እውነት ነው?

የጥርስ ሰው

ያምራል፣ ግን አያጠነክርም። እንዲያውም ድዱ ሲቀላ ስለማይታይ ሕመሙ ዘግይቶ ይታወቃል። ለአያትሽ መድማትንና እብጠትን ነው መከታተል ያለባችሁ።

ሳሪስ አቦ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ ሳነብለት ቶርታውን በአንድ ተቀምጦ መጨረሱ ትክክል ነው ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። የቢሮ ሻዬን ወደ ሁለት አወረድኩ፣ አንድ ማንኪያ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም። ጥርሴ ያርፋል ማለት ነው? ከዚያ በኋላ ያለውንስ እንዴት ላድርገው?

የጥርስ ሰው

እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእርግጥ ያርፋል፤ አፉ ብዙ ካልደረቀ። ችግሩ ከዘጠኝ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙ ሰው ሻይ በዳቦ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ስፕሪስ በቪምቶና በስኳር፣ ማታ ቴምር፣ እስኪተኛ ድረስ ብስኩት። ያሳረፈውን ሁሉ በአራት ሰዓት ውስጥ ያጠፋዋል። ምግቡን አስቀድሚ፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቃሪያው። ጣፋጩን ከምግቡ ጋር ጨርሺው፣ ስፕሪሱን ያለ ስኳር አሠሪው፤ ማንጎውና አቮካዶው ይበቃዋል። ወተት ስለሌለ ለካልሲየሙ ሰሊጥና ጎመን አትርሺ። ከቦረሽሽ በኋላ ከውሃ በስተቀር ምንም አይግባ፤ ሳሙናውንም ተፊው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጪው፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይደር።

መርካቶ ጫፍ

ዶክተር፣ ማታ ማታ ቡናውንስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስቱም በስኳር ነው እኛ ቤት። ያለ ስኳር አይወርድልኝም።

የጥርስ ሰው

ሦስቱን በተከታታይ ከጠጣኸውና ከእራት ጋር ካያያዝከው ያን ያህል አይከፋም። የሚከፋው እስከ እኩለ ሌሊት ሲጎተት ነው። ፈንድሻው ላይ ስኳር አትበትኑበት፣ ቆሎው ይበቃል።

ወሎዬ

እኛ አገር ቡና በጤና አዳም ነው። አንድ ቅጠል ሲኒው ውስጥ ጣል አድርግበት፣ ስኳሩን በየሳምንቱ እየቀነስክ ሂድ። ባለቤቴ እንደዚያ አድርጎ ነው የተወው፣ አሁን ስኳር ያለበት ቡና ሲሰጡት አይጠጣውም።

መርካቶ ጫፍ

ጤና አዳም ጓሮ አለን። ዛሬ ማታ እሞክራለሁ።